ነገሥት ሣልስን ፍለጋ፦ በርዕሳቸው የደረጃ ቁጥር ያለባቸውን መጻሕፍት መመዝገቢያና መደርደሪያ መመሪያ

በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ ሳገለግል አንድ አረጋዊ ካህን መጡና «ነገሥት ሣልስን ከነትርጓሜው ስጠኝ» አሉኝ። የካርድ ሣጥኑን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩ። ነገሥት ቀዳማዊ አለ፤ ነገሥት ካልእ አለ፤ ሣልስ የለም። «አባታችን፣ ነገሥት እኮ ሁለት ብቻ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ «ልጄ፣ ሳሙኤልን ከነገሥት ሳትቆጥር ቀርተህ ነው» ብለው ራሳቸው ወደ መደርደሪያው ሄዱና መጽሐፉን መዝዘው አወጡ። በጀርባው ላይ በገዛ እጄ «1ኛ ነገሥት» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከቆምኩበት ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር።

መጽሐፉ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ከስሞቹ አንዱ ነው። የደረጃ ቁጥር፣ ማለትም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይም በግእዙ ቀዳማዊ፣ ካልእ፣ ሣልስ የሚለው፣ ርዕስ ውስጥ ሲገባ አንድ መጽሐፍ ሦስትና አራት መጠሪያ ይኖረዋል፤ መዝጋቢው ግን አንዱን ብቻ ይጽፋል። ከዚያ ቀን በኋላ መዝገቡን እንደገና ስሠራ የተከተልኩት አሠራር ከዚህ በታች ያለው ነው። ጥቂት መቶ መጻሕፍት ላሉት የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የትምህርት ቤት ወይም የቤት ውስጥ ስብስብ ይበቃል። የሚያስፈልገው ደብተር ወይም እንደ ኤክሴል ያለ የሰንጠረዥ ፕሮግራም፣ እርሳስ፣ ነጭ ወረቀትና ሙጫ ነው።

1. ቁጥሩ ምን እየሠራ እንደሆነ ለዩ

መጽሐፉን አንሡና ሽፋኑን ሳይሆን ከውስጥ ያለውን የርዕስ ገጽ አንብቡ። የደረጃ ቁጥር ካገኛችሁ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት «ይህ የምን ቁጥር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሕተት ሁሉ የሚጀምረው ይህን ጥያቄ ከመዝለል ነው።

አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩ የርዕሱ ሥጋ ነው። የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» ላይ ያለው ሃያኛ የዘመኑ እንጂ የመጽሐፉ ተራ አይደለም፤ አሥራ ዘጠነኛውን ቅጽ የሚፈልግ አንባቢ አይመጣም። የሲሞን ደ ቦቯር «ሁለተኛው ጾታ» የበለጠ ያሳስታል። በፈረንሳይኛ በ1949 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በሁለት ቅጽ ነበርና «ሁለተኛው ጾታ፣ ቅጽ አንድ» የሚል ምዝገባ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። እዚህ ላይ ሁለተኛው የርዕሱ ነው፤ አንዱ የቅጹ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዓምድ መግባት የለባቸውም።

ሌላ ጊዜ ቁጥሩ የመጽሐፉን ተራ ይናገራል፤ ሳሙኤል ካልእ፣ መቃብያን ሣልስ እንደሚባለው። ይህን ብቻውን በሰፊው እመለስበታለሁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የንጉሥ ስም አካል ነው። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ «ታሪከ ዘመን ዘዳግማዊ ምኒልክ» ውስጥ ዳግማዊ የተባሉት ንጉሡ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለመጻሕፍት ካልእ ስንል ለነገሥታት ግን ዳግማዊ እንላለን። ቃሉ ራሱ ይመራችኋል፤ ርዕስ ላይ ዳግማዊ ካያችሁ በአብዛኛው ንጉሥ ይከተላል። ቦታውም ይለያያል፦ ቀዳማዊና ዳግማዊ ከስሙ ይቀድማሉ፣ «ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ» ሲባል ግን ቁጥሩ ከስሙ ይከተላል።

በመጨረሻ ቁጥሩ የእትም ወይም የቅጽ ሊሆን ይችላል። «ሁለተኛ እትም» ማለት ያው መጽሐፍ እንደገና ታተመ ማለት ነው፤ «ሁለተኛ መጽሐፍ» ወይም «ቅጽ ሁለት» ማለት ግን ታሪኩ ይቀጥላል ማለት ነው። እትሙን እንደ ክፍል የመዘገበ ሰው አንባቢውን የሌለ አንደኛ ክፍል ፍለጋ ይልከዋል። የዐፄ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ውሰዱ። በአንደኛና በሁለተኛ መጽሐፍ ተከፍሏል፤ በዚያ ላይ የደራሲው ስም ራሱ በቀዳማዊ ይጀምራል። ስለዚህ የሁለተኛው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ቀዳማዊም ሁለተኛም ይገናኛሉ። ቀዳማዊን ወደ ደራሲው ዓምድ፣ ሁለተኛን ወደ ቅጽ ዓምድ ላኩ፤ ርዕሱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ከእነዚህ ከሁሉም የሚወጣ አንድ አለ፤ ኦሪት ዘዳግም። ዳግም የሚለውን አይቶ «2ኛ ኦሪት» ብሎ የመዘገበ ሰው አጋጥሞኛል። ዘዳግም የተባለው ሕጉ ዳግመኛ ስለተነገረበት ነው፤ ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምራችሁ ስትቆጥሩ አምስተኛ ነው። ሁለተኛው ኦሪት ዘፀአት ነው።

2. ርዕሱን እንደታተመ ቅዱ፣ አታርሙ

በመዝገባችሁ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ ርዕሱን በርዕስ ገጹ ላይ ባለው ፊደልና ቁጥር ጻፉ። «፪ኛ» ካለ «፪ኛ»፣ «ሁለተኛ» ካለ «ሁለተኛ»፣ «2ኛ» ካለ «2ኛ»። በግእዙ ትክክለኛው አጻጻፍ ካልእ ቢሆንም ብዙ ሕትመት ላይ ካልዕ ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ በዓይኑ ዐ የታተመውን በዓይኑ ዐ ቅዱ። ይህ ዓምድ የመጽሐፉ መታወቂያ ነው፤ አንድ ሰው መጽሐፉን ይዞ ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያይ ፊደል በፊደል መገጣጠም አለበት። ማስተካከሉ በሚቀጥለው ዓምድ ይሠራል።

3. የመደርደሪያ ቁልፍ አብጁ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ከርዕሱ ቀጥሎ «ቁልፍ» የሚባል ዓምድ ክፈቱ። አንባቢ አያየውም፤ ሥራው መዝገቡን በትክክል ማሰለፍ ብቻ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ያሉትን ቃላት በሀ ሁ ተራ አሰልፏቸው። ውጤቱ ይህ ነው፦ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ፣ ስድስተኛ፣ አምስተኛ፣ አሥረኛ፣ አራተኛ፣ አንደኛ፣ ዘጠነኛ። አንደኛ ዘጠነኛ ቦታ ላይ ተቀመጠ። አሁን ደግሞ ሦስተኛን በእሳቱ ሰ «ሶስተኛ» ብላችሁ ጻፉት፤ ከሁለተኛው ቦታ ወደ አምስተኛው ይወርዳል። አሥረኛን «አስረኛ» ብትሉት ከአራተኛ ኋላ ይሄዳል። ሁለት ሰዎች ተካፍለው የሚመዘግቡበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አጻጻፎች መግባታቸው አይቀርም።

በአኃዝ መጻፍ ያድነናል እንዳትሉ። ኮምፒውተር እንደ ጽሑፍ ሲያሰልፍ «10ኛ»ን ከ«2ኛ» ያስቀድማል፤ የሚያየው የመጀመሪያውን አኃዝ ነውና አንድ ከሁለት ይቀድማል። የግእዝ አኃዝ በዚህ በኩል ይበልጣል። ፲ ራሱን የቻለ ምልክት ስለሆነ ከ፱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ፲፩ም ከ፲ ቀጥሎ፤ እስከ ፺፱ ድረስ ያለ እንከን ይሰለፋል። የአባቶቻችን አኃዝ እንዲህ ያለ ጥቅም እንዳለው ያወቅኩት ይህን ሥራ ስሠራ ነው፤ ደስታዬ ትልቅ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፤ ኮምፒውተር ለፊደላትና ለአኃዞች በሚሰጠው የኮድ ተራ ውስጥ የግእዝ አኃዝ ከፊደላት ሁሉ በኋላ ሲሆን የተለመዱት 1፣ 2፣ 3 ደግሞ ከፊደላት ሁሉ በፊት ናቸው። ስለዚህ «2ኛ» የሚጀምር ርዕስ ከመዝገቡ አናት፣ «ሁለተኛ» የሚጀምረው ከሀ ሥር፣ «፪ኛ» የሚጀምረው ከመዝገቡ ግርጌ ይገኛል። አንድ ቃል በሦስት ጥግ ተበተነ።

ቁልፉን በሚከተለው ደንብ ሥሩ። ቁጥሩ የመጽሐፉን ተራ የሚናገር ከሆነ ስሙን አስቀድሙ፣ ቁጥሩን ከኋላ በሁለት አኃዝ አድርጉ፤ «መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ» ቁልፉ «ሳሙኤል 02» ይሆናል። «መጽሐፈ» የሚለውን ጣሉት፤ ካልጣላችሁት ግማሹ ስብስብ በመ ሥር ይከመራል። ፊት ላይ ያለችው ዜሮ የምታስፈልገው አሥርን ከሁለት ኋላ ለማስቀመጥ ነው። ኤክሴል ላይ ቁጥሩን ብቻውን በአንድ ዓምድ የምትጽፉ ከሆነ መጀመሪያ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ዓይነት ቀይሩት፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ ዜሮዋን ይውጣታል።

ቁጥሩ የርዕሱ ሥጋ ከሆነ ግን አታንቀሳቅሱት። ባለበት ቦታ በፊደል ጻፉት፤ «20ኛው» ወይም «፳ኛው» ተብሎ ቢታተምም ቁልፉ ላይ «ሃያኛው» ይሁን።

የፊደሉን ነገር ደግሞ አንድ ጊዜ ወስናችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እኔ ቁልፍ ላይ ብቻ ሐንና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ እጠቀማለሁ። ፊደል የሚያከብር ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚከፋው አውቃለሁ፤ እኔም ይከፋኛል። ነገር ግን የታተመው ርዕስ በመጀመሪያው ዓምድ ከነሙሉ ክብሩ ተቀምጧል፤ ቁልፉ የሚያገለግለው ማሽኑን ነው።

4. ሌሎቹን ስሞች መዝግቡ

ሦስተኛው ዓምድ «ተለዋጭ ስም» ይባል። አንባቢ መጽሐፉን ሊጠራበት የሚችለውን ሁሉ ጻፉበት። ለ«ሳሙኤል ካልዕ» እንዲህ ይሆናል፦ ሳሙኤል ካልእ፤ 2ኛ ሳሙኤል፤ ሁለተኛ ሳሙኤል፤ ፪ኛ ሳሙኤል፤ ነገሥት ካልእ። ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ የፍለጋው ሥራ አለቀ፤ የትኛውም ቢጻፍ መጽሐፉ ይመጣል። ካርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሁነኛ ስም አንድ ትንሽ ካርድ አውጡና «ነገሥት ሣልስ፦ ነገሥት ቀዳማዊን ይመልከቱ» ብላችሁ ጻፉበት። አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን የደረጃ ቁጥር ያለባቸው መጻሕፍት ከመቶ አሥሩ እንኳ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

የግእዙን ቁጥሮች በቃል ለመያዝ ፊደል የቆጠረ ሰው አይቸገርም፤ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ እያልን ያደግንባቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ በመጻሕፍት ላይ ቀዳማዊና ካልእ ይሆናሉ። ከሰባት በላይ ሳምን፣ ታስዕ፣ ዓስር ይቀጥላሉ።

የንጉሥ ስም ላለባቸው ተለዋጭ ርዕስ መደርደር አያዋጣም። ይልቅ «ስለ ማን» የሚል ዓምድ ጨምራችሁ «ምኒልክ 02»፣ «ዮሐንስ 04»፣ «ኃይለ ሥላሴ 01» ብላችሁ አስገቡ። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» በርዕሱ ከየ ሥር ይቆማል፤ ስለ ንጉሡ የሚፈልግ ግን በዚህ ዓምድ ያገኘዋል።

5. የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍትና ትርጓሜያቸው

እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው፤ ብዙዎችም እዚሁ ይወድቃሉ። በጥንቱ የግእዝ አቆጣጠር መጻሕፍተ ነገሥት አራት ናቸው። ይህም ከግሪኩ ከሰባ ሊቃናት ትርጉም የመጣ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ያደገ ሰው ግን ሳሙኤል ሁለት፣ ነገሥት ሁለት ብሎ ይቆጥራል። ሲመሳከሩ እንዲህ ይሆናሉ፦ የጥንቱ ነገሥት ቀዳማዊ ዛሬ 1ኛ ሳሙኤል ነው፤ ነገሥት ካልእ 2ኛ ሳሙኤል፤ ነገሥት ሣልስ 1ኛ ነገሥት፤ ነገሥት ራብዕ 2ኛ ነገሥት።

ሣልስና ራብዕ የሚሉት አያሳስቱም፤ ከጥንቱ አቆጣጠር ውጪ የሉምና። የሚያሳስተው «ነገሥት ቀዳማዊ» ነው፤ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ይጠሩበታል። በእጃችሁ የገባ የትርጓሜ መጽሐፍ ወይም የብራና ቅጂ ይህ ስም ብቻ ካለው የመጀመሪያውን ገጽ አንብቡ። ሕልቃናና ሁለቱ ሚስቶቹ ሐናና ፍናና ከመጡ ሳሙኤል ነው። ንጉሥ ዳዊት ሸምግሎ ልብስ ቢደርቡለትም አልሞቀው ካለ የዛሬው 1ኛ ነገሥት ነው። ለካልእም እንዲሁ አድርጉ፦ ከሳኦል ሞት በኋላ ለዳዊት ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ካለ 2ኛ ሳሙኤል፣ አካዝያስ ከሰገነቱ ወድቆ ከታመመ 2ኛ ነገሥት። በቁልፉ ላይ አገልጋዩም አንባቢውም የለመደውን አቆጣጠር ምረጡና በእሱ ጽኑ፤ ሌላውን በተለዋጭ ስም ዓምድ አስገቡት። ዜና መዋዕልንም በድሮው ስሙ ሕጹጻን ብሎ የሚጠራ አባት አይጠፋም።

መቃብያን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ውስጥ ያሉት መቃብያን በግሪክ ከሚታወቁት መቃብያን ጋር በስም እንጂ በይዘት አንድ አይደሉም። የእኛው ስለ ጣዖት አምላኪው ንጉሥ ጺሩጻይዳን ሲተርክ የግሪኩ አንደኛና ሁለተኛ ስለ ይሁዳ መቃቢስና ስለ ወንድሞቹ ጦርነት ይናገራል። በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አብያተ ክርስቲያናችን መደርደሪያ ላይ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ከአማርኛው ጎን ስለሚቆም «1ኛ መቃብያን» የሚል አንድ ዓይነት መለያ ሁለቱም ላይ ይለጠፋል፤ እዚያ ያደጉ ልጆችም አንዱን የሌላው ትርጉም አድርገው ያነቡታል። ለመለየት ምዕራፍ ቁጠሩ። የእኛው ቀዳማዊ 36፣ ካልእ 21፣ ሣልስ 10 ምዕራፍ አላቸው። የግሪኩ አንደኛ 16፣ ሁለተኛ 15፣ ሦስተኛ 7 ነው። ቁልፉ ላይ «መቃብያን 01» እና «መቃብያን ግሪክ 01» ብላችሁ ለዩአቸው። በተመሳሳይ መንገድ የእኛው ዕዝራ ሱቱኤል በአውሮፓውያን መጻሕፍት «አራተኛ ዕዝራ» ተብሎ ነው የሚገኘው፤ ይህን ስም ተለዋጭ ዓምድ ላይ ካልጻፋችሁ በእንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ መጽሐፉ በእጃችሁ እያለ የለም ብሎ ይሄዳል።

ሌላ ትንሽ ነገር፤ አሕጽሮት ስትጽፉ ቁጥሩ ከስሙ በፊት ከሆነ የመጽሐፉ ተራ ነው፣ ከስሙ በኋላ ከሆነ የምዕራፉ። «3ኛ ዮሐ.» ሦስተኛው የዮሐንስ መልእክት ሲሆን «ዮሐ. 3» ግን የወንጌሉ ምዕራፍ ነው። በመለያ ወረቀት ላይ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ይህ ተራ መቀያየር የለበትም።

6. ጀርባው ላይ ለጥፉ፣ ደርድሩ

ነጭ ወረቀት ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ቁረጡ። ከላይ ስሙን፣ ከሥር ቁጥሩን በአኃዝና በግእዝ ቃል ጻፉ፦ «ነገሥት»፣ ከሥሩ «1 ቀዳማዊ»፣ ከዚያ በታች በትንሹ «(ሣልስ)»። መጀመሪያ በእርሳስ ጻፉ፤ ሙሉውን ረድፍ ደርድራችሁ ካያችሁ በኋላ በቀለም ድገሙት። ወረቀቱን ከጀርባው ግርጌ በእኩል ከፍታ ለጥፉ፤ ዐይን በአንድ መስመር ሲሄድ የጎደለው ቶሎ ይታያል። የብራና መጽሐፍ ላይ ግን ሙጫ አታስነኩ። መለያውን በወፍራም ወረቀት ጽፋችሁ በመጽሐፉ ውስጥ ጫፉ ወጣ ብሎ እንዲታይ አኑሩት።

ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ አንዱ ከጎደለ ቦታውን አትዝጉት። ስስ ካርቶን በመጽሐፍ ልክ ቆርጣችሁ «መቃብያን 2 ካልእ፣ የለንም» ብላችሁ አቁሙበት። አንባቢው መጽሐፉ እንደሌለ ወዲያው ያውቃል፤ መጽሐፉ በቤቱ ያለው ምእመን ሲያየው ደግሞ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እኛ ጋ ሁለት ጊዜ ሆኗል።

7. ፈትኑት

ሥራው ሲያልቅ መዝገቡን ያልሠራ ሰው ጥሩና ሦስት ነገር እንዲፈልግ ጠይቁት፤ አንድ መጽሐፍ በግእዝ ቁጥሩ፣ አንድ በአማርኛ ቁጥሩ፣ አንድ በአኃዝ። ከጎኑ ቆማችሁ አትርዱት፤ እጁ የት እንደሚሄድ ብቻ ተመልከቱ። መጽሐፉ በሌለበት ቦታ እጁ ያረፈበት ያ ቦታ ተለዋጭ ካርድ የሚጎድልበት ነው፤ እዚያው ጻፉና አስገቡ። ከዚያ በእድሜ የገፋ አንድ አባት ወይም እናት፣ ከተቻለም ውጭ አገር ያደገ አንድ ልጅ ጋብዙና ይህንኑ ድገሙ። አረጋውያን በድሮው ስም፣ ልጆች በእንግሊዝኛው ቁጥር ይጠራሉና ሁለቱም የተለያየ ጉድለት ያሳዩአችኋል። አዲስ መጽሐፍ በገባ ቁጥር ሦስቱን ዓምዶች በዚያው ዕለት ሙሉ፤ «ነገ እሞላዋለሁ» ተብሎ የተቀመጠ መጽሐፍ ያለ ቁልፍ መደርደሪያ ላይ ይወጣልና።